ጣሪያ የቀመስኩበት ቀን

ከጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየችኝ ሜሮን የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ጂኦሎጂ ታጠናለች። ባለፈው ሳምንት የክፍሏ ሶኬት ተቃጥሎባት ላፕቶፗን ልትሰካ እኔ ቤት ገባች። እኔ ደግሞ ከወናጎ የመጣ አናናስ እየላጥኩ ነበር። አንድ ቁራጭ ላቀብላት ጎንበስ ስል ዓይኔ ስክሪኑ ላይ አረፈ። ግራጫ መሬት፣ በውስጡ ጎን ለጎን የተቆፈሩ ሁለት ጉድጓዶች፣ በዙሪያቸው ደግሞ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

«ይኼ ምንድን ነው ሜሪዬ?»

«ሞዴል ነው ማዘር። ከመሬት በታች ማዕድን ሲቆፈር ዙሪያው ያለው አለት ላይ ምን ያህል ጫና እንደሚያርፍ በኮምፒውተር የምናሰላበት ነው። ለማስረዳት ትንሽ ይከብዳል።»

«መሃል ያለው ምሰሶ ቀልቶብሻል» አልኳት። «ጉድጓዶቹን ካላራራቅሻቸው አይሸከምም።»

ሜሮን ፍየል ያናገራት ይመስል ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወዲያ ስትወጣ ስትገባ «ማዘር፣ ንገሪኝ እንጂ!» እያለች ነዘነዘችኝና ነገርኳት። ነግሬያት ግን አልወጣልኝም። አንዳንድ ነገር በአፍ ሲወራ እንደ ጤዛ ይተናል፤ ይኼኛው እንዲተንብኝ አልፈልግም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ያኔ ሃያዎቹን ገና የጀመርኩ ልጅ ነበርኩ። ትምህርቴ ከአሥረኛ ክፍል አላለፈም። ኮምፒውተር የለመድኩት ዲላ መናኸሪያው አጠገብ በነበረች አንዲት ጽሕፈት ቤት ነው። ስገባ ወለል ጠራጊ ነበርኩ፤ ሌሎቹ ሲጽፉ መጥረጊያዬን ተደግፌ ጣታቸውን እያየሁ ለመድኩ። በኋላ አንድ ካምፓኒ ዲላ ውስጥ ቢሮ ከፈተ። ከጨለለቅቱ ወዲያ፣ ቡናው እየሳሳ ተራራው መራቆት በሚጀምርበት በኩል፣ ከመሬት ሥር ወርቅ ያለበትን ድንጋይ የሚፈለፍል ካምፓኒ ነው። ታላቅ ወንድሜ በየነ እዚያ የአንድ ፈረቃ አለቃ ነበር። ጸሐፊ እንደሚፈልጉ ሰምቶ ያስገባኝም እሱ ነው።

ቢሮው ሁለት ክፍል ነበር፤ በአንዱ እኔ፣ በአንዱ ኢንጂነሩ። የኢንጂነሩን ስም አልጽፍም። ስም ከተጻፈ የሚጸልይለት ሰው አይጠፋም።

በየነ ለዕረፍት ሲመጣ በሞተር ብስክሌት ነው። ከአቧራው ብዛት ቅንድቡ ሽበት ያወጣ ይመስላል። እማዬ የቡላ ገንፎ ታገነፋለታለች፣ እሱም ከቅቤው ዳር ዳር እየጎረሰ ያሾፍብኝ ነበር። «እኛ ቤት ላይና ታች ተካፍለናል» ይላል። «አስቱ ላይ ቁጭ ብላ ትጽፋለች፣ እኔ ታች ወርጄ እቆፍራለሁ። መሃሉን ለእማዬ ትተንላታል።» እማዬም «መሃሉ እንዳይወድቅብኝ ብቻ» ትለዋለች። እንዲህ እየሳቅን የበላነው ገንፎ ጣዕሙ እስከ ዛሬ አለ፤ ሳቁ ነው የሄደው።

ስለ ሥራቸው ልማድ የነገረኝም እሱ ነው። «ጣሪያ መቅመስ» ይሉታል። ከመሬት ሥር አዲስ ክፍል ተፈልፍሎ ሲያልቅ፣ ሥራ ሳይጀመር፣ «ጣሪያው ደህና ነው» ያለው ሰው መሃል ላይ ተቀምጦ ቆጮ ይቆርሳል። እሱ ሳይጎርስ ማንም አይገባም። ከጎረሰ በኋላ ሁሉም ገብቶ አብሮ ይበላል። ልማዱን ያመጣው ጋሽ ገልገሎ ነው ይላሉ፤ ከሁሉም ቀድሞ እዚያ ጉድጓድ የወረደ፣ ንግግሩ ጥቂት የሆነ ሽማግሌ። «ምላስ ይዋሻል፣ ጉሮሮ ግን አይዋሽም» አለኝ በየነ። «የፈራ ሰው ቆጮ አይወርድለትም። ቆጮ ደግሞ ታውቂያለሽ፣ ሳትፈሪም ያንቃል።»

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። «ደህና ነው» የሚለው ኢንጂነሩ ሆኖ ሳለ የሚቀምሰው በየነ ነበር። ኢንጂነሩ ዲላ ቢሮው ውስጥ ሆኖ በሬዲዮ «ኮምፒውተሩ ፈቅዷል፣ ግቡ» ይላል፤ በየነ በእሱ ፈንታ ቁጭ ብሎ ይቆርሳል። ጋሽ ገልገሎ አልወደደውም። «ሌላ ሰው ያኘከው አንተን አያጠግብም» ብሎት ነበር አሉ። በየነ ሳቀ። ወንድሜ ሰው አማኝ ነበር። የተማረ ሰው ሲያይ ደግሞ ልቡ ይንበረከካል፤ አባታችን ፊደል ሳይቆጥር ስለሞተ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ክፍል ሲያልቅ ሬዲዮው «ግቡ» አለ። በየነ ገባና ተቀመጠ፣ ቆረሰ። ሁለት ሰዎች ተከትለውት ገቡ። የጎረሱትን አልዋጡትም።

ዝርዝሩን መጻፍ አልፈልግም። የሣጥኑ ክዳን ሲመታ እማዬ «ቀስ በሉ፣ ልጄ ላዩ ላይ መንኳኳት ሰልችቶታል» ስትል የሰማሁት ብቻ ይበቃል።

እኛን የገደለን ግን ከቀብር በኋላ የመጣው ነው። ኢንጂነሩ ሠራተኞቹን ሁሉ ሰብስቦ፣ የሟች ቤተሰቦች ባሉበት፣ እንዲህ ብሎ ተናገረ፤ «የሦስተኛው ክፍል ጣሪያ ደህና ነበር። በየነ ወርቅ የበዛበት ድንጋይ አጓጉቶት፣ ሳይፈቀድለት ምሰሶውን ሸርሽሮታል።» ምሰሶ የሚሉት በሁለት ክፍሎች መካከል ጣሪያ እንዲሸከም ሳይቆፈር የሚተወውን የአለት ግድግዳ ነው። በዚች አንዲት አረፍተ ነገር ወንድሜ ከሟችነት ወደ ገዳይነት ተዛወረ።

አብረውት ከሞቱት አንዱ የዱመርሶ ሰው ነበር። ሚስቱ ዘነበች ለገበያ ዲላ ስትመጣ እኛ ቤት ሳታርፍ አትመለስም ነበር፤ ከእማዬ ጋር ቃሪያና ጎመን የሚቀያየሩ፣ ሐሜት የሚካፈሉ ሰዎች ናቸው። እማዬ የራሷን ሐዘን ትታ ዱመርሶ ድረስ ለለቅሶ ሄደች፣ ያቅሟን እህል ይዛ። ዘነበች በለቅሶተኛው ፊት ተነሥታ «የገዳይ እናት ያመጣችውን አልቀምስም» አለቻት። እማዬ ያመጣችውን ተሸክማ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳትጥል ከበር አትወጣም ነበር። ገበያ ቀረች። ቤተ ክርስቲያንም የምትሄደው ሰው ሳይበዛ ነው። የበየነን ስም ማታ ማታ ብቻዋን ትጠራዋለች፤ ቀን ላይ፣ ሰው ፊት፣ አትጠራውም። የገዛ ልጇን ስም እንደ ሰረቀችው ዕቃ ደበቀችው። እኔም የዚያኑ ሰሞን ለራሴ ማልኩ፤ እማዬ በሕይወት እያለች ያንን ስም በአደባባይ እመልስላታለሁ፤ የነጠቃትን ሰው ደግሞ በዚያው በነጠቀበት አፉ አስመልሰዋለሁ።

ኢንጂነሩ ከሥራ አላስወጣኝም። ይኼ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር «የበየነ እህት ናት፣ የእሱ ጥፋት የእሷ አይደለም ብዬ ነው ያቆየኋት» እያለ ያስተዋውቀኛል። እኔም አንገቴን ደፋ አደርጋለሁ። ሰፈር ውስጥ «በወንድሟ ሬሳ ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች» አሉኝ። ሰማሁ፣ ዋጥኩ። ጌዴኦ ምድር ላደገ ሰው ይኼ አይከብደውም፤ ቂም እንደ እንሰት ነው። ፍቀህ፣ በኮባ ጠቅልለህ፣ ጉድጓድ ውስጥ ቀብረህ፣ ድንጋይ ጭነህበት ካልታገሥህ አይበስልም። የቸኮለ ሰው ጥሬውን ይበላል። እኔ ቀበርኩት፣ ድንጋዩንም ጫንኩበት።

ኢንጂነሩ ሰነፍ ነበር፤ እግዜር ይስጠው፣ ስንፍናው በጀኝ። መዳፊት ይዞ መስመር መሳል ስለሚያደክመው «አስቴር፣ አንቺ ሳዪልኝ» ማለት ጀመረ። መጀመሪያ የጉድጓዱን ቅርጽ ብቻ ነበር የምስለው። ቀስ በቀስ የአለቱን ጥንካሬ፣ ከላይ ያለውን የተራራ ክብደት፣ ከጎን የሚገፋውን ማስገባት አስተማረኝ፤ ለእኔ ብሎ ሳይሆን ራሱ ሻይ ሊጠጣ እንዲመቸው። እሱ ሲወጣ እኔ ጉድጓድ እየሣልኩ እሰብረዋለሁ፣ አጠጋጋለሁ፣ አራርቃለሁ። ቀለሞቹ ሲፈስሱ ማየት ሱስ ሆነብኝ።

ላላየው ሰው እንዲህ ነው የማስረዳው። መንገድ በማይደርስበት ቀበሌ በሽተኛ በቃሬዛ ሲሸከሙ አይታችኋል። ከተሸካሚዎቹ አንዱ አዳልጦት ቢለቅ ሸክሙ አብሮት አይጠፋም፤ ከጎኑ ያሉት ትከሻ ላይ ይወርዳል። አለትም እንደዚያ ነው። ከመሃሉ ቆፍረህ ስታወጣ፣ ያወጣኸው ድንጋይ የተሸከመው ተራራ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል። ኮምፒውተሩ የሚያሳየው የትኛው ትከሻ ስንት እንደተሸከመ ነው። ሰማያዊው ዘና ያለ ነው፤ ቀዩ ጉልበቱ የሚንቀጠቀጥ ነው። ሁለት ክፍል አጠጋግተህ ከቆፈርክ ደግሞ መሃል የቀረው ምሰሶ የሁለቱንም ዕዳ ብቻውን ይሸከማል።

አንድ ቀን የአራተኛውን ክፍል ሞዴል ይዘን ተቀመጥን። አራቱንም ክፍሎች አንድ ላይ ሣልኩና አሰላሁት። በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ያለው ምሰሶ ከላይ እስከ ታች ቀላ፤ ቅላቱ ወደ ጣሪያው ወጣ። ኢንጂነሩ እስክሪብቶውን አኘከ።

«ሌሎቹን ክፍሎች አጥፊልኝ» አለኝ በመጨረሻ። «አራተኛውን ብቻውን አስዪው።»

አጠፋኋቸው። ለኮምፒውተሩ አሁን ሦስቱ ክፍሎች ጭራሽ አልተቆፈሩም፤ አራተኛው በጤነኛ ተራራ ውስጥ ያለ አንድ ብቸኛ ቀዳዳ ሆነ። ሰማያዊ ወጣ። እንደ ሐዋሳ ሐይቅ ሰማያዊ።

«ይኼ ቆንጆ ነው። ይኼን እናሳያለን።»

«የመጀመሪያውስ ኢንጂነር?»

«የመጀመሪያው ባለቤቶቹን ያስደነግጣቸዋል። ክፍሎቹን አራርቁ ካልናቸው ሥራው ይቆማል።»

ዓይኔን ከስክሪኑ ሳላነሣ ጠየቅሁት፤ «ሦስተኛውም ያኔ እንዲህ ነበር የተሰላው? ብቻውን?»

ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። «አንቺ መሳልሽን ሳዪ» አለኝ።

መልሱ ይኼው ነው። ሳያውቅ የተሳሳተ ሰው «ኧረ አይደለም» ይላል፤ ወይም ይደነግጣል። እሱ ግን አውቆት ኖሯል። ቀዩን አይቶ፣ አጥፍቶ፣ ሬዲዮውን አንስቶ ወንድሜን «ግባ» ብሎታል። ከዚያ ደግሞ ምሰሶውን በበየነ ላይ ጣለው። ያን ዕለት ቤቴ ስገባ እማዬ «ምነው ፊትሽ በራ?» አለችኝ። «ደክሞኝ ነው» አልኳት። ደስታ ነበር። ደስታ ማለት ነውር ቢሆንም ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ለማን ልከሰው? የጸሐፊ ቃል በኢንጂነር ቃል ላይ ምን ይመዝናል? ቀለሙን ለሠራተኞቹ ባሳይስ ማን ያነበዋል? ደግሞም እኔ የፈለግሁት ሌላ ሰው እንዲፈርድበት አልነበረም። በየነን የሰደበው በራሱ አፍ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ነው። መመለሻውም እዚያው፣ በዚያው አፍ እንዲሆን ነበር ምኞቴ።

ዕድሉ በራሱ እግር መጣ። ሠራተኞቹ አራተኛው ክፍል አንገባም አሉ። ባለቤቶቹ ኢንጂነሩን «ወርደህ አሳምናቸው» ብለው አዘዙት፤ እሱም ኮምፒውተሩን የምትከፍትለት እኔን ይዞ ሊሄድ ሆነ። ከመሄዳችን በፊት ቆጮ ጋገርኩ፣ ጎመን በዘይት አበሰልኩ፣ በኮባ ጠቀለልኩት።

ወሩ ኅዳር ነበር። ወናጎን አልፈን ወደ ይርጋጨፌ ስንወጣ መንገዱ ሁሉ ቀይ እሸት ቡና ነው፤ በጀርባ፣ በአህያ፣ በጭነት መኪና። ጨለለቅቱ ስንደርስ ከቡና ማጠቢያዎቹ የሚወጣው ኮምጣጣ ሽታ መኪናውን ሞላው። እኔ ኮምፒውተሩን ጭኔ ላይ፣ ጥቅሉን ኮምፒውተሩ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ።

«ምንድን ነው የሚሸተው?» አለኝ ኢንጂነሩ ከፊት ወንበር ዞሮ።

«ቆጮ ነው፤ ለሰዎቹ።»

«ጎበዝ ልጅ! የሰው ልብ የሚገኘው እንዲህ ነው።»

«እንዲያ ተስፋ አደርጋለሁ» አልኩት።

የሠራተኞቹ ምግብ አዳራሽ ግድግዳ ላይ አንሶላ ሰቀልን፣ ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ ሰማያዊው ክፍል አንሶላው ላይ ወጣ። ኢንጂነሩ በሸምበቆ እያመለከተ ብዙ ተናገረ። ሲጨርስ ጋሽ ገልገሎ ከኋላ ተነሣ። አማርኛን በትልቅነቱ የለመደ ሰው ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ይጠራል።

«ሰማያዊ ማለት ምንድን ነው?» አለ።

«ደህና ማለት ነው አባት።»

«ቀይስ?»

«ቀይ አደጋ ነው።»

«እኛ አገር ቀይ የደረሰ ነው። ሳይቀላ የሚለቅመው ሌባ ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። ኢንጂነሩም አብሮ ሳቀ። «ይኼ ቡና አይደለም አባት።»

«እሺ። ደህና ነው ያልከው አንተ ነህ?»

«ኮምፒውተሩ ነው ያለው።»

«ኮምፒውተር ቆጮ ይበላል?»

አሁን ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። እኔ የዚያን ጊዜ ተነሣሁ። ድምፄ አላሳፈረኝም። «ኢንጂነር ራሳቸው ይቀምሱልናል» አልኩ፤ «ቆጮውን ይዘን መጥተናል።» ዞሮ አየኝ። ፈገግታው ከንፈሩ ላይ ቀርቶ ከዓይኑ ብቻ ሄደ። ነገር ግን ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ማጨብጨብ ጀምሮ ነበር።

ሄልሜት አጠለቅን፣ ግንባራችን ላይ ባትሪ አሰርን፣ ወረድን። ያንን ጉድጓድ በጣቴ ስንቴ ሥዬዋለሁ! በሰውነቴ ስገባበት ግን የመጀመሪያዬ ነው። ስክሪኑ ላይ ሽታ የለም፤ እዚህ እርጥብ ድንጋይና የተቃጠለ ባሩድ ይሸታል፤ ውሃ በአንገት ይገባል። በእንጨት የተዘጋው ሦስተኛ ክፍል ጋ ስንደርስ ኢንጂነሩ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። እኔ እንጨቱን በመዳፌ ነካሁት። ቀዝቃዛ ነበር።

አራተኛው ክፍል አፍ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ግቡ እንጂ ኢንጂነር» አለው አንዱ።

«ዛሬ ረቡዕ ነው። ጾመኛ ነኝ።»

«ቆጮና ጎመን ነው፣ ጌታው» አለ ጋሽ ገልገሎ። «ቅቤ የለውም።»

«ጨጓራዬንም ያመኛል... ደግሞ ይኼ ኋላ ቀር ልማድ...»

ማንም አልሳቀም። የባትሪው ሁሉ ብርሃን ፊቱ ላይ ነበር። እኔ ጥቅሉን አቅፌ በአጠገቡ አልፌ ገባሁ። መሃል ላይ ተቀመጥኩ፣ ኮባውን ፈታሁ። ከላዬ ምን እንዳለ አውቃለሁ፤ ራሴ ነኝ ያሰላሁት። ከቀኝ በኩል ያለውን ምሰሶ አየሁት፤ እንደማንኛውም ድንጋይ ግራጫ ነው። ድንጋይ ቀልቶ አይታይም፤ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው።

«ና!» አልኩት። ከተቀጠርኩ ጀምሮ «እርስዎ» ያልኩትን ሰው «ና» አልኩት። «ና ቁረስ! ሰማያዊ ነው አይደል? በየነ በአንተ ፈንታ ቀምሷል፤ ዛሬ አንተ በእሱ ፈንታ ቅመስ!»

ከላይ አንዲት ጠጠር ወርዳ ሄልሜቴን ቀጭ አደረገችው። ሌላ ተከተለች። እኔ ቆጮውን ቆርሼ ወደ አፌ አነሣሁ።

«ውጪ!» ብሎ ኢንጂነሩ ጮኸ። ድምፁ እንደ ሕፃን ሆነ። «አስቴር ውጪ! አይሸከምም! ምሰሶው አይሸከምም!»

ከዚያ ጋሽ ገልገሎ በቀስታ፣ ጎረቤቱን ስለ ከብት እንደሚጠይቅ ሰው፣ «የትኛው ምሰሶ?» አለው።

«መሃል ያለው... ክፍሎቹ ተጠጋግተዋል... የሁለቱን ጫና ብቻውን... ያኔም...» አለና ምላሱን ነከሰ።

«ያኔም?»

ኢንጂነሩ ወደ መውጫው ዞረ፤ መንገዱን ሰዎቹ ይዘውታል።

«ያኔም ታውቅ ነበር? በየነን ግባ ስትለው?»

ኢንጂነሩ ግድግዳውን ይዞ ወደ ታች ተንሸራተተ፣ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ፊቱን አየሁት። ያንን ፊት ለማየት ስንት ወር አንገቴን ደፍቻለሁ! ጠገብኩት። ጋሽ ገልገሎ ነው ዘሎ ገብቶ እጅጌዬን ይዞ የጎተተኝ። «አንተ ልጅ እብድ ነህ! እብድ!» ይለኛል፤ እንባው በአቧራው ላይ መንገድ ሠርቷል።

ሰዎቹ አንዳቸውም ኢንጂነሩን አልነኩትም። በፊቱ እያለፉ አንድ በአንድ የባትሪያቸውን ብርሃን ከላዩ ላይ አነሡ። እሱ፣ ጭቃው ላይ ሲቀመጥ ባትሪው ጠፍቶበት፣ ብቻውን ግድግዳ እየዳሰሰ ወጣ።

አራተኛው ክፍል ወደቀ አልወደቀ፣ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ማንም አልገባበትም። ካምፓኒው ብዙም ሳይቆይ የዲላውን ቢሮ ዘጋ፣ ኢንጂነሩም ወደ ሌላ አገር ሄደ። የከሰሰውም የፈረደበትም የለም። ወሬው ግን ከመኪናችን ቀድሞ ዲላ ገባ። በሦስተኛው ቀን ይሁን በአራተኛው፣ ያለ ወቅቱ ዝናብ ሲጥል፣ ዘነበች ከዱመርሶ መጥታ በራችን ላይ ቆመች። እማዬ ምድጃው አጠገብ ነበረች። ግቢም ውጪም አላለቻትም። ዘነበች በስብሳ እስክትንቀጠቀጥ አቆመቻት፤ እኔም ላስገባት አልተነሣሁም፣ እንዳልነሣ እማዬ በዓይኗ ይዛኛለች።

«የልጄ ስም ማነው?» አለቻት በመጨረሻ።

«በየነ» አለች ዘነበች።

«አልሰማሁሽም።»

«በየነ! ወንድሜ በየነ!» ብላ እንደ ለቅሶ ቤት ጮኸች። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። የዚያን ጊዜ እማዬ ፈቀቅ ብላ ከጎኗ ቦታ ለቀቀችላት። በማግስቱ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ፊቷን ገልጣ ገበያ ወጣች። ስትሞትም ስሟ «የበየነ እናት» ነበር።

እንግዲህ ዘንድሮ ሁለት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። ኢንጂነሩ አርጅቶ ታሟል፤ ይቅርታዬን ይፈልጋል። አንደኛው፣ ደግ ሰው ናቸው፣ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ አንድ ነገር አትርሺ። ያን ቀን ዝም ቢል ኖሮ ያተርፍ ነበር። ስሙን ጥሎ ሕይወትሽን አዳነ። ይኼ ለይቅርታ አይበቃም?»

እኔ ይህን ያላሰብኩት ይመስላቸዋል። ልጆች ወልጄ ሳሳድግ፣ የመጀመሪያዬን ታቅፌ ሳጠባ፣ «ይኼ ወተት በእሱ ጩኸት የመጣ ነው» ብዬ አስቤ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ሊተወኝ ይችል ነበር፣ አልተወኝም። ክፉ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ! እባብ ነደፈኝ ብሎ የሚቀየም ማነው? እሱ ግን እባብ አይደለም። ሰው ሲሞት ማየት የማይችል ሰው ነው። ለእኔ ለመጮህ የፈጀበት አንድ ትንፋሽ ነው። ለበየነ ሲሆን ሬዲዮው እጁ ላይ ነበር፣ ጊዜም ነበረው፣ ቀዩንም አይቶታል፤ ብቻ የሚሞተውን ሰው ፊት ከዲላ ማየት አልቻለም፣ ስለዚህም አልጮኸም።

ሽማግሌዎቹን ምሳ አብልቼ ሸኘኋቸው። «ምን እንበለው?» ሲሉኝ «ጩኸቱን ሰምቻለሁ በሉት» አልኳቸው። «መጮህ እንደሚችል ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ይቅር ያላልኩትም ለዚያ ነው።»